የጾም እንቁላል

ይህ የሆነው በ2001 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ የእህቴ የሰላም አርባ በደረሰበት ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሆስፒታሉ አይደለም። የፈላ ውሃና ድንች ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው። መጻፍ ብዙም አልችልበትም፤ እንደመጣልኝ ልበል።

ሰላም በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ኦስሎ፣ ፕሪንስዳል ውስጥ ሁለታችን ነበርን የምንኖረው። ሥራዋ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ተልካ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች መርዳት ነበር። ከሁሉም አብልጣ የምትወዳቸው ጋምለ ኦስሎ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ኤርና የሚባሉ ጀርመናዊት ናቸው። ኖርዌጂያዊ አግብተው መጥተው እዚሁ አረጁ። ሆዳቸው ስንዴ አይቀበልም፤ ትንሽ ቢቀምሱ እንኳ ለቀናት ያማቸዋል።

ኤርና በልጅነታቸው ይበሉት የነበረውን አንድ ምግብ ሁልጊዜ ያነሱባት ነበር። ድንች ተቀቅሎ፣ በስንዴ ዱቄትና በእንቁላል ተለውሶ፣ እንደ ጣት እየተድቦለቦለ የሚሠራ ነው። ሹፕፍኑደልን ይሉታል። እህቴ ግን "የድንች ጣት" ነበር የምትለው። ያለ ስንዴ ልትሠራላቸው ስትነሳ ጊዜው የነቢያት ጾም ሆነ።

"እሳቸው ስንዴ አይበሉ፣ እኔ እንቁላልና ቅቤ አልበላ" አለችኝ። "ከአንድ ሳህን የምንበላው ነገር ሳላገኝ አልተውም።"

አገኘች። እንዴት እንደሆነ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ወጥ ቤት ስገባ "ውጣ አንተ ጎረምሳ፣ ውሃም ታሳርራለህ" እያለች ታባርረኝ ነበር።

ሰላም ሆስፒታል ውስጥ ስታርፍ ኤርና ቀብሯ ላይ እጄን ይዘው ቆሙ። ቅዳሜ ለሚወጣው አርባዋም ጠራኋቸው። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። እዚህ ጤፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ እንጀራችን ስንዴ አለበት። ኤርና በእህቴ አርባ ላይ ባዶ ሳህን ይዘው ሊቀመጡ ነው። ሰላም ሰው ጠርታ ሳታበላ የሸኘችበት ቀን የለም። የድንች ጣቱን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

ማክሰኞ ድንች ቀቀልኩ። በትኩሱ ጨፈለቅኩት፤ ፖተትሜል የሚባለውን የድንች ዱቄት ጨመርኩበት፤ እያድቦለቦልኩ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ጠፋ። ሟሟ። ጎረቤታችን አደይ ምሕረት፣ ኤርትራዊት ናቸው፣ አደይ የምላቸውም እናቴ ለማለት ነው፣ ገብተው ድስቱን ከፍተው አዩ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ ሾርባ ነው?"

"አይ፣ አደይ። የድንች ጣት ነው።"

"እንግዲያውስ ሰምጧል።"

ሊጡ እምቢ ያለኝ ስላላደረ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ የማውቀው ሊጥ የሚያድር ሊጥ ነው። የተረፈውን ሸፍኜ ማሞቂያው አጠገብ አሳደርኩት። ረቡዕ ጠዋት ኮምጥጦ ውሃ አቅርሮ ጠበቀኝ። አደይ ምሕረት አሸተቱትና እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ድንች ሲያቦካ ያየሁት አንተን ብቻ ነው! ነገ ደግሞ ጠላ ጥመቅበት።"

አብሬያቸው ልስቅ ብዬ ጀመርኩና ለቅሶ ሆነብኝ። ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።

ሐሙስ ለኤርና ደወልኩ። በድንገት ላቀርብላቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን ላድርግ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

"ሊጡን ነው ያሳደርከው? አይ፣ አይ!" አሉ። "የሚያድረው ድንቹ ነው፣ ልጄ። ከነልጣጩ ቀቅለው። በማግስቱ ቀዝቅዞ ሲደርቅ ነው የሚጨፈለቀው።"

"በእንቁላሉስ ፋንታ ሰላም ምን ታደርግ ነበር?"

"ከሥራ ቦርሳዋ የማርማላታ ጠርሙስ ታወጣ ነበር። ዱቄት ነገር አለበት። ምንድን ነው ስላት፣ የጾም እንቁላል ብላ ትስቃለች። ሌላ አልነገረችኝም።"

የሥራ ቦርሳዋ። ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ነክቼው አላውቅም። እሱን መክፈት ለእኔ... እንዴት ልበለው፣ ከእንግዲህ ይዛው እንደማትወጣ ማመን ነበር። ሄጄ አደይ ምሕረትን ጠራኋቸው።

"እርስዎ ይክፈቱልኝ።"

"ወንድሟ አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።"

ከፈትኩት። ጓንት። የእጅ ቅባት። የአውቶቡስ ካርድ። ከሥር ጠርሙሱ አለ፤ እስከ ግማሹ ቡናማ ዱቄት። ክዳኑን ሳላቅቀው ሽታው ወጣ።

"ተልባ!" አልን ሁለታችንም።

ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ! በየጾሙ በብርጭቆ የምጠጣው፣ ቁም ሳጥናችን ውስጥ በከረጢት የተቀመጠው ተልባ! አደይ ምሕረት ሁለት ማንኪያ በትንሽ ውሃ በጠበጡ። ትንሽ ቆየና ልክ እንደ እንቁላል ተዝለገለገ።

"ይህች ልጅ!" አሉ ግንባራቸውን መትተው። "ይህች ልጅ!"

ያኔውኑ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅዬ አስቀመጥኩ። ዓርብ ጠዋት ልጬ ጨፈለቅኩት። ፖተትሜሉን፣ ጨውን፣ ተልባውን ጨምሬ ለወስኩ። አሁን ሊጡ ተያያዘ፤ መዳፌ ላይ ሳሸው አልተሰነጠቀም። አንዱን ብቻ ውሃው ውስጥ ጣልኩ።

ሰመጠ።

ሁለታችንም ድስቱ ላይ አጎነበስን። አንተነፍስም። ከዚያ ታች ትንሽ ተነቃነቀ። ብቅ አለ። ሙሉ ነው! አልሟሟም!

"ተንሳፈፈ! አደይ፣ ተንሳፈፈ!" ዘለልኩ፤ ጭልፋው ከእጄ አመለጠ። አደይ ምሕረት እልልታውን አቀለጡት። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ውይ! ሐዘን ቤት እኮ ነው።"

ተያየን። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

"ይሁን፤ ትስማ" አሉና ደገሙት።

በዚያ ቀን ስንት እንደሠራን አላውቅም። እያንዳንዱ ብቅ ባለ ቁጥር ጮኽኩ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ሁሉ እንጀራው ሲቀርብለት እኔ በዘይት ጠብሼ ያመጣሁትን ለኤርና አቀረብኩ። ሳህኑን አዩት። አልነኩትም። ስንዴ ያለበት መሰላቸው ወይስ ምን?

"ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው" አሉኝ፤ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳብ አደረጉልኝ።

ተቀመጥኩ። ኤርና አንድ የድንች ጣት በእጃቸው አንስተው ወደ አፌ አመጡ። ጎረስኩ። ሁለተኛ አነሱ። እኔ በሰው ፊት አፈርኩና "ይበቃል" አልኩ። ጣታቸውን ቀስረው፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ እህቴ ያስተማረቻቸውን ተናገሩ።

"አንድ ያጣላል!"

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ሁለተኛውን ጎረስኩ። ከዚያ እሳቸው በሉ፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በሉ።

አሁንም ሐዘኑ አልወጣልኝም። አንዳንድ ቀን በሩን ስከፍት "ውጣ አንተ ጎረምሳ" የምትለኝ ይመስለኛል። ግን በየሐሙሱ ጠርሙሱን በእሷ ቦርሳ፣ ቦርሳውን በትከሻዬ አድርጌ ኤርና ቤት እሄዳለሁ። ድንቹን እሳቸው ቀድመው አሳድረው ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው ጣት ብቅ ሲል አሁንም እጮኻለሁ፤ "ቀስ በል፣ ጎረቤት አለ" ይሉኛል። አላቆምም። አደይ ምሕረት እንዳሉት፣ ትስማ።