ያልተገኘው መድኃኒትና የእህቴ ሸሚዝ

ታላቅ እህቴ ቡራዩ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስኪዞፍሬኒያ ከያዛት በኋላ የምትወስደው መድኃኒት ጆሮዋ ላይ የሚጮሁትን ድምፆች ጸጥ አደረገላት፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን አልተመለሰላትም። ኮሌታውን ይዛ፣ «ቆይ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር?» ትላለች። አሠሪዋ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ትምህርት ሊከፈት ነው። «እስከ ቅዳሜ አንድ ሸሚዝ ብቻሽን ጨርሺልኝ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አሏት።

በዚያው ሳምንት ለክትትል አብሬያት ሐኪም ቤት ሄድኩ።

«ዶክተር፣ ድምፁን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ፤ ሐሳብ የሚሰበስበውስ?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «እሱ ገና ነው። ብዙ ተሞክሮ ብዙ ወድቋል፤ አሁንም እየተሞከረ ነው።»

እንዴት እንደሚሞከር አስረዳችኝ። ለግማሾቹ ሕመምተኞች መድኃኒቱ፣ ለግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ኪኒን ይሰጣል፤ ማን የቱን እንደወሰደ ሐኪሙም አያውቅም። ከዚያ የማስታወስ ፈተና አለ። «ፈተና ማለፍ ብቻ ግን አይበቃም» አለች፤ «ኑሯቸው ላይ ለውጥ መምጣቱም መታየት አለበት።»

ታክሲ ውስጥ ወሰንኩ፤ ይህን መድኃኒት ከሚሠሩት አንዷ እሆናለሁ። እስከዚያ ግን ቅዳሜ አለ!

ቤት እንደደረስን የሸሚዝ አሰፋፉን ጻፍኩላት። በቅርቡ በድርሰት ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ስለነበር እጄ አላርፍ ብሎ ሁለት ገጽ ሞላሁ፤ «እጅጌው እንደ ወንዝ ከትከሻው ይወርዳል» ሁሉ ብያለሁ።

እህቴ አንብባ ቀና አለች። «አንቺ፣ ይሄ ሸሚዝ ነው ወይስ ሠርግ?»

ሳቅን። እውነቱ ግን፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሐሳቡ ጠፍቶባት ነበር። ወንዙን እያመመኝ ሰረዝኩት። ስድስት ቃላት ቀሩ፦ ትከሻ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጎን፣ ጫፍ፣ ቁልፍ። ካርቶን ላይ ጽፌ ማሽኗ ፊት ለጠፍኩት፤ አንዱን ስትጨርስ በጠመኔ ምልክት ታደርግበታለች።

ረቡዕ እጅጌውን በስህተት ገልብጣ ሰፋችው። ሐሙስ ምልክት ማድረጉን ረስታ የቱ ጋ እንደደረሰች ጠፋባት። «ተዪው በቃ» አለችኝ። «አልተውም!» አልኳት፤ ስፌቱን ፈትታ እንደገና ጀመረች።

ቅዳሜ አሠሪዋ ሸሚዙን ገልብጠው፣ ጎትተው፣ ቁልፉን ቆልፈው አዩት። «ባይኤ ጋሪ!» አሉ በኦሮምኛ፤ «በጣም ጥሩ ነው! ሰኞ በጊዜ ነይ።»

«ካርቶኑን እያየሁ እኮ ነው የሠራሁት» አለች እህቴ፣ ፈርታ።

«ካርቶኑ ሰፋው እንዴ? ይዘሽው ነይ!»

ስንመለስ፣ መድኃኒት ሠሪ እንደምሆን ነገርኳት።

«ሥሪው» አለች፤ «የአወሳሰዱን ወረቀት ግን ሌላ ሰው ይጻፈው። አንቺ ወንዝ ትከቺበታለሽ።»