ያለ እኔ የተመረጠልኝ ቡድን

አራት ነበርን። በዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ውስጥ ያደርን ልጆች ነን። አንዱ ዛሬ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ባንከሩ እያልን ነው የምንጠራው። ሁለተኛው ከቆላው፣ ከአጣዬ በኩል የመጣ የነጋዴ ልጅ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቶ ጨርቅ ይነግዳል። ሦስተኛው ተደራራቢው አልጋ ላይ ከእኔ በላይ ይተኛ የነበረው ነው። ለእሱ ቅጽል አላወጣንለትም፤ ጓደኛዬ ስል እሱን ማለቴ እንደሆነ ሁሉም ያውቁ ነበር።

ፋንታሲ የሚባለውን፣ የኳስ ተጫዋቾች መርጠን እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምንወዳደርበትን ጨዋታ ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። በኋላ የሆነው ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ብዬ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ማንም የፈለገውን ተጫዋች የሚይዝበትን ዓይነት ነው። የእኛው ግን ድራፍት የሚባለው ነበር። በድራፍት አንድ ተጫዋች አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው። ዕጣ ይወጣል፤ በየተራ ይመረጣል፤ አንዱ የወሰደውን ሌላው አያገኝም። የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሁለት አከታትሎ ይወስድና ተራው ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ጥያቄው ማን ጎበዝ ነው ብቻ አይደለም፤ ከየትኛው ቦታ ልጀምር ነው። ከአጥቂ ነው፣ ከአማካይ፣ ከተከላካይ ወይስ ከበረኛ?

ባንከሩ የሚደግፈውን ክለብ ልጆች ይለቅም ነበር። ነጋዴው አምና ኮከብ የነበረውን ያይና እሱን ይወስዳል። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ዓመት በረኛ አስቀድሞ መርጦ ዓመቱን ሙሉ ስንስቅበት ከረመ። በረኛ ከበረኛ ብዙ አይበላለጥም፤ ጥሩውን ብታጣ ደህናውን ታገኛለህ። በየሳምንቱ የሚያገባ አጥቂ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሱ ካመለጠህ፣ ተራህ ዞሮ ሲመጣ የምታገኘው ወንበር የሚያሞቀውን ነው። እኔ የማስበው ስለምወስደው ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ተራዬ እስኪመለስ ምን እንደሚቀር ነበር። አጥቂ፣ ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ አማካይ፣ ከዚያ የማዕዘን ምት የሚያሻማ ተከላካይ፤ በረኛ መጨረሻ።

ይህን የተማርኩት ከኳስ አይደለም። አባቴ ዘመሮ ገበያ ለርቢ በግ ሲገዙ መጀመሪያ የሚፈልጉት አውራውን ነበር። እናት በግ እስከ ከሰዓት ድረስ እንደምትገኝ፣ ደህና አውራ ግን ረፋድ ላይ እንደሚያልቅ እየነገሩኝ ነው ያደግሁት። ለልጆቹም ይህንኑ ነገርኳቸው። ነጋዴው ወዲያው ገባው። ጓደኛዬ ደግሞ እስኪገባው ድረስ ሲጠይቀኝ ከረመ፤ እኔም ሳልሰስት አስረዳሁት።

ስንመረቅ እነሱ አዲስ አበባ ቀሩ። እኔ በእንስሳት ጤና ተመርቄ ስለነበር ወደ አገሬ ወደ መንዝ ተመለስኩ፤ ሞላሌ ተመደብኩ። ሥራዬ በግ መከተብ ነው። በየቀበሌው እየዞርኩ፣ አንዳንዴም እስከ ጓሳ ጥግ ድረስ እየሄድኩ፣ በብርድ በደነዘዘ እጅ መርፌ እወጋለሁ። ስጨርስ ከገበሬው ጋር ጠላ እጠጣና እመለሳለሁ። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ቅዳሜና እሑድ ሲመጣ ሐሳቤ አዲስ አበባ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ምርጫውን ለማድረግ እወርድ ነበር፤ ባንከሩ ቤት ተሰብስበን እንበላለን፣ እንከራከራለን፣ እንመርጣለን። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ በዓል እሱ ነበር። ብዙውን ጊዜም የማሸንፈው እኔ ነኝ። እነሱ ሲያሸንፉ እንደሚጨፍሩ፣ እኔ ሳሸንፍ ግን ዝም እንደሚሉ ያኔ ልብ አላልኩም።

ከዚያ ዳታ የተቋረጠበት ክረምት መጣ። በእኛ በኩል ኢንተርኔት የሚባል ነገር ጠፋ። መንገዱም አስተማማኝ ስላልነበር መውረድ አልተቻለም። የድምፅ ስልክ ግን አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ከተማው ውስጥ ይቆራረጣል፣ ከሞላሌ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ግን ይሻላል። ለጓደኛዬ ደወልኩለትና ነገርኩት። በተባለው ቀንና ሰዓት ጉብታው ላይ ወጥቼ እጠብቃለሁ፣ እናንተ ደውላችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት፣ ማን ማን እንደተወሰደ ንገሩኝ፣ እኔም በተራዬ የምፈልገውን እላችኋለሁ አልኩት።

«አንተ ሳትኖር አንጀምርም» አለኝ። «ብትፈልግ ቀኑን እናስተላልፈዋለን።»

እንዳያስተላልፉት ለመንኩት። እነሱን ማስቸገር አልፈለግሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግጅት ያዝኩ። ኢንተርኔት ስለሌለ የሬዲዮ ስፖርት አንድም ቀን አላመለጠኝም። ከደብረ ብርሃን ዕቃ የሚያመጣ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ልጆች የሚሰማውን ወሬ ሁሉ ያመጣልኛል። ማን ክለብ ቀየረ፣ ማን ጉልበቱን ታመመ፣ የማን ፍጹም ቅጣት ምት ለማን ተላለፈ፤ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። መስክ ወጥቼ በግ እየያዝኩ እንኳ በልቤ ተራ እቆጥር ነበር። አንደኛ ዕጣ ከደረሰኝ እንዲህ፣ አራተኛ ከደረሰኝ እንዲያ እያልኩ።

ቤት የተከራየሁባቸው እማማ ደግ ሴት ናቸው። ቀኑ ሲደርስ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባናዬን ለብሼ፣ ጃንጥላ ይዤ ስወጣ ወዴት ነው አሉኝ። ድራፍት አለብኝ አልኳቸው። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር።

«በእመቤታችን ጾም?» አሉኝ አዝነው። «እኔ አንተን እንዲህ አልጠረጠርኩም።»

ቢራው እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ አጥቂና ስለ ዕጣ ስነግራቸው ግን ይበልጥ ግራ ገባቸው። ጸበሉን ጠጥተህ ሂድ አሉኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ። በደስታ ነበር የወጣሁት።

ጉብታው ላይ ጉሙ ወርዶ ከፊቴ ያለውን የገብስ ማሳ እንኳ አላሳይ ብሏል። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን በባናዬ ውስጥ ይዤ ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ሰዓቱ ደረሰ፤ አልደወሉም። የአዲስ አበባ ነገር፣ ታክሲ አጥተው ይሆናል አልኩ። ዝናቡ ጀመረ። ከዚያ እኔ ደወልኩ፤ ጠራ፣ አልተነሳም። ባንከሩ ጋ ደወልኩ፤ ጠራ፣ አልተነሳም። ወደ ጓደኛዬ መልሼ ደወልኩ፤ አሁን ትንሽ ጠራና ተቋረጠ። የእኛ ኔትወርክ ነው ብዬ ቦታ ቀየርኩ፤ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ጎን ሄድኩ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ በዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። ባናው ውሃ ጠጥቶ ትከሻዬን እስኪጫነኝ ቆየሁ። ቀኑ ሲመሽ ወረድኩ። እማማ እርጥቡን ባና ሲያዩ ስለ ጾሙ አንድም ነገር አልተናገሩኝም፤ እሳቱ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ።

በማግሥቱ ጓደኛዬ ደወለ። ወደ እኔ ሲደውሉ ኔትወርኩ እምቢ እንዳላቸው፣ ብዙ እንደሞከሩ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ የጨዋታው ሲስተም ራሱ እንደመረጠልኝ ነገረኝ። በጣም አዝኖ ነበር፤ ወይም አዝኖ ይመስል ነበር። እኔ እንዲያውም አጽናናሁት። የሚሆን ነገር ነው አልኩት። ማን ማን ደረሰኝ ብዬ ስጠይቀው አላስታውስም አለኝ።

ጥር ላይ እሱ ሊያገባ ሆነ፤ እኔን ሚዜ አደረገኝ። ያን ጊዜ መንገዱ ትንሽ ተከፍቶ ነበርና በአውቶቡስ ወረድኩ። ሸኖን ስናልፍ ስልኬ ዳታ ያዘና ኪሴ ውስጥ መንጫጫት ጀመረ። መጀመሪያ የከፈትኩት ፋንታሲውን ነው። ቡድኔን አየሁት። የመጀመሪያ ምርጫዬ በረኛ ነበር። ሁለተኛውም በረኛ። ሦስተኛው ሊጉ ሳይጀመር እግሩ የተሰበረ አጥቂ። ከዚያ በታች ያሉትን ብዙዎቹን ስማቸውን እንኳ አላውቅም። መጨረሻ ነበርኩ፤ ከእኔ በላይ ያለው በጣም ርቆ ነው ያለው። ማሽን እንዲህ ደንቆሮ ነው ብዬ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

የሠርጉ ዕለት ጧት ነጋዴውና እኔ ሙሽራዋ እስክትዘጋጅ ፀጉር ቤቱ በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ወሬ ወሬን አነሳና ቡድኔን ስለመረጠልኝ ማሽን ቀለድኩ። ነጋዴው ግራ በመጋባት አየኝ።

«የቱ ማሽን? ሙሽራው አይደል እንዴ የመረጠልህ» አለ። «ነግሮሃል ብዬ ነው እኮ።»

ከዚያ በኋላ ቃሉን መመለስ አልቻለም፤ እኔም አልለቀቅሁትም። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረኝ። ስደውል የጓደኛዬ ስልክ ባንከሩ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁሉም እየጠራ አይተውታል። ነጋዴው እናንሳለት ብሎ ነበር፤ ጓደኛዬ ተወው፣ እሱ ከገባ ደግሞ ያሸንፋል፣ አንድ ዓመት እንኳ እኛ እንጫወት አለ። ባንከሩ ሳቀ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጓደኛዬ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ በረኛ አስቀድሞ አስገባልኝ፤ አንዴ ሳቁ ሲደምቅ ደግሞ ሌላ በረኛ ጨመረ። የተሰበረውን አጥቂ ሲያስገባ ነጋዴው ለሶላት ተነስቶ ስለነበር አላየም። ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። አንተ አይደለህም አልኩት፤ እውነትም እሱ ላይ አልተናደድኩም። ግን ከእሱም ጋር እንደ ድሮው አልሆንንም።

ሙሽራዋ ወጣች። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ሄደ። ያን ቀን ሙሉ ከጓደኛዬ አጠገብ ቆምኩ። ክራቫቱን አስተካከልኩለት፣ ላቡን ጠረግሁለት፣ ትከሻዬን ይዞ ፎቶ ተነሳ። እናቱ ጉንጬን ይዘው ወንድም ማለት አንተ ነህ አሉኝ። ጭፈራ መሐል አስገብተው ጨፍር አሉኝ፤ ጨፈርኩ። በፎቶዎቹ ላይ ከሁሉም ሰው በላይ የምስቀው እኔ ነኝ።

በመልሱ ዕለት ግቢው ውስጥ ለብቻው አገኘሁትና ለምን ስልኩን እንዳላነሳ ጠየቅሁት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፈገግ አለ።

«እሱን ነገር እስካሁን ይዘኸዋል? ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ዝናብ ላይ ቆሜ ስደውል ለምን አላነሳህም ነው ያልኩህ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምክር እንደሚሰጥ ሰው፣ «እዚያ ሆነህ ምን ትከታተላለህ ብለን ነው» አለኝ። «ጨዋታውን አታይ፣ ዜናው አይደርስህ። አንድ ሰው የግድ መጨረሻ መሆኑ ካልቀረ...» ቀሪውን ሳይጨርስ ሙሽራዋ ጠራችው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

«እዚያ» ያለው ቦታ እሱ የሚያውቀው ቦታ ነው። ተማሪ ሆነን በእረፍት ሁለት ሳምንት አባቴ ቤት ከርሟል። እናቴ ብርድ እንዳይመታው የራሷን ባና አልብሳዋለች፤ አባቴ በግ አርደውለታል። ያኔ አገራችሁ እንዴት ያምራል ሲል እኔ ኮርቼ ነበር። ሬዲዮ ስር ተቀምጬ የሰበሰብኩትን፣ በቃሌ የያዝኩትን ልነግረው ነበር። አልነገርኩትም። ለማን ብዬ? ምን እንደማውቅ ሳይጠይቀኝ አስቀድሞ ወስኖ ጨርሷል።

በማግሥቱ ወደ ሞላሌ ተመለስኩ። ሸኖ ሳልደርስ፣ ዳታው ሳይጠፋብኝ፣ ከሊጉ ወጣሁ፤ ከቴሌግራም ግሩፓችንም ወጣሁ። ባንከሩ ከወራት በኋላ ደውሎ ለምን እንደወጣሁ ጠየቀኝ። ኔትወርክ ነው አልኩት። አመነኝ፤ ወይም ማመን ቀለለው። ያን ዓመት ጓደኛዬ አሸነፈ። ቀድሞ የመረጠው አጥቂ፣ ቀጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ አማካይ እንደነበር ሰማሁ። እኔ ያስተማርኩትን ተራ አንድም ሳያዛንፍ ነው የተከተለው።

ዳታው ሲመለስ የሞላሌ መምህራንና ያ ሹፌር ድራፍት እንዲጀመር ጠየቁኝ። ጀመርን። ሻይ ቤት ተቀምጠን እንመርጣለን፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ። ሹፌሩ ከየትኛው ቦታ ብጀምር ይሻለኛል ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እንደፈለግህ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የማውቀውን ለማንም መንገር አቁሜያለሁ። በዚህ ራሴን አልወደውም።

ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬ ወንድ ልጅ ወለደ። በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን ፎቶ ላከልኝ፤ ከስሩ መቼ ነው የምትመጣው የሚል ነበር። መስክ ነበርኩ፤ በጎቹ በረት ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁና እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ ጻፍኩለት። ለጥያቄው ምን ልበል ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቀጣዩን በግ ያዝኩ።