መርዶ የገባበት ገበታ

እናቴን ሙዚየም የወሰድኳት ስዕል እንድታይ ብዬ አልነበረም፤ ከስልክ እንድትርቅልኝ ነው። ዐርብ ዕለት ከአዲስ አበባ ተደውሎ ወንድሟ ማረፉ ተነገረኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ደግሞ «እሑድ ማለዳ ተሰባስበን እናረዳቸዋለን፤ እስከዚያ ስልክ አታስነኪያቸው» አሉኝ። ችግሩ መሀል ላይ ያለችው ቅዳሜ ነበረች። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የስልክ ካርድ ፍቃ ወንድሟን ሳታነጋግር ምሳ አትቀምስም። ሱቁ ካርድ ጨርሷል ብዬ ዋሸኋትና ከምንኖርበት ከኪስታ ሰፈር በቱነልባናው፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ወደ መሀል ከተማ ይዣት ወረድኩ። ስቶክሆልም ያን ሁሉ ዘመን ስኖር ሙዚየም ረግጬ አላውቅም። ያን ቀን የስዕል አፍቃሪ ሆኜ ዋልኩ።

የደች ሠዓሊዎች ክፍል ስንደርስ አንድ የገበታ ስዕል ፊት ቆመች። የብር ማንቆርቆሪያ፣ የተጋደመ ዋንጫ፣ የተከፈቱ የባሕር ዛጎሎች፣ ተቆርሶ የተተወ ዳቦ፣ ልጣጩ ከጠረጴዛው ጫፍ የተንጠለጠለ ሎሚ። ነጩ የገበታ ጨርቅ ተጨማዷል። ሰው ግን የለም።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ስቲሌበን ይላል። ጸጥ ያለ ኑሮ እንደማለት ነው።»

«ወይ ጸጥ ያለ ኑሮ!» ብላ ሳቀች። «ሎሚውን ልጦ ሳይጨርስ፣ ዋንጫውን ደፍቶ፣ ያን የመሰለ ብር በትኖ የሚነሣ ማን ነው? ይሄ መርዶ የገባበት ገበታ ነው።»

ክው አልኩ። ዝም እንዳልል ብዬ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ማብራሪያ መተርጎም ጀመርኩ። ሀብታሞች ብራቸውንና ከሩቅ አገር የመጣውን ሎሚያቸውን ሊታዩበት ያሠሩት ስዕል ነው፤ ሠዓሊው ግን ይህ ሁሉ አላፊ ነው ይላቸዋል፤ ሎሚው ሲያዩት ያምራል፣ ሲቀምሱት ይጎመዝዛል እያልኩ ቀባጠርኩ። እናቴ ስዕሉን ትታ እኔን ታየኝ ነበር። ሳቋ ጠፍቷል።

«እግሬን ደከመኝ፤ እንሂድ» አለች።

ቤት ገብተን ሽሮ ሠርታ አበላችኝ። አንድ ሁለቴ አጉርሳኛለች። ስለ ካርዱም ሆነ ስለ ወንድሟ ምንም አላነሣችም። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ ያ ደስታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

«ግቡ፤ አውቄዋለሁ» አለቻቸው። «ትናንት ከልጄ ድምፅ ነው የሰማሁት። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ልማዳችን ተሰባስቦ ማርዳትን ያመጣው ሰው መርዶውን ለብቻው እንዳይሰማ ብሎ ነው። እናቴ ለብቻዋ ሰማችው፤ አጠገቧ ቆሜ።