ቀዝቅዞ የወጣው እንጨትና የእትዬ ወርቄ ፖም

ኮምፖስት ችግኝ አያቃጥልም ይባላል። ያቃጥላል። የሚያቃጥለው ማዳበሪያ ነው፣ ብስባሽ ግን የእናት ጡት ነው እያሉ የሚያስተምሩ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ መንዝ ላይ አንድ ዓመት እንኳ ችግኝ አሳድገው አያውቁም። ዩሪያ ፊት ለፊት ያቃጥላል። ያልበሰለ ኮምፖስት እየሳመ ያቃጥላል። በእኔ ሥራ ዘመን ያየሁት ልዩነት ይኸው ነው።

መንዝ ውስጥ፣ ቀየት አጠገብ ካለ የችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጉሙ ጣቢያውን ውጦት ነበር። በሩን በእጄ ዳብሼ አገኘሁት። ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ «ግባ፣ ግን መደቡን እንዳትረግጥ» አለኝ። የት እንዳለ የማላውቀውን መደብ ላለመርገጥ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ቆይቶ ጉሙ ሲሳሳ የጽድ ችግኞች ከእግሬ ሥር ብቅ አሉ፤ ረድፍ ይዘው፣ ጠል ተሸክመው፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሕዝብ ዝም ብለው ቆመዋል። እስከ ዛሬ ስለ ሥራዬ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ዝምታ ነው።

ድምፁ የጋሽ ተክሌ ነበር፤ የጣቢያው ፎርማን። አጭር፣ ሽበታም፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና ተከናንበው የሚውሉ ሰው ናቸው።

«ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«መጻሕፍት አነባለሁ።»

«ጥሩ፣ ትዕግሥት አለህ ማለት ነው» ብለው ወንፊት ሰጡኝ። «አፈር ንፋ።»

ነፋሁ። የደን አፈር፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ይነፋል፣ ይደባለቃል፣ በጥቁር ላስቲክ ይሞላል፣ ላስቲኩ መደብ ላይ ይደረደራል። ከጉልበት ሠራተኛ ተነስቼ የመደብ ተቆጣጣሪ እስክሆን ድረስ ከእጄ ያልራቀው መሣሪያ ያ ወንፊት ነበር። ጋሽ ተክሌ ለዩሪያ ጣቢያው ውስጥ ቦታ አልሰጡትም። «ጡት ለሚጠባ ልጅ ጠጅ አይሰጥም» ይሉ ነበር። ስለ ኮምፖስት ግን ምንም ክፉ ነገር መስማት አይፈልጉም፤ የሰው ሁሉ ጭፍንነት የሚጀምረው ከሚወደው ነገር ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከላይ የሚመጣው ምክር እንደ ነፋስ ይዞር ነበር። አንዱ ዓመት ዳፕና ዩሪያ ነው፤ ገበሬው ወሰደም አልወሰደም ስብሰባ ይጠራል። ሌላው ዓመት ኮምፖስት ነው፤ በየጓሮው ጉድጓድ ቆፍሩ ተባለ፣ ተቆፈረ። የተቆፈረው ጉድጓድ ይቆጠራል። ውስጡ ያለው በሰለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዶሮ በቀር ጎብኚ ያላየ ጉድጓድም አውቃለሁ።

ደግሞ ማንም ምድጃውን አላሰበም። መንዝ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ለመንዝ ሴት ፍግሽን ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪ ማለት ቤትሽን አቀዝቅዢ ማለት ነው። ብዙዎቹ ጉድጓዱን ለቆጣሪው፣ ፍጉን ለምድጃው አደረጉት። እኔም በልቤ አመሰገንኳቸው።

ከጣቢያው ብዙ የማይርቁት እትዬ ወርቄ ግን የምራቸውን አደረጉት። ባላቸው ሞተውባቸዋል። ያላቸው ከጓሮ ያለች ጠባብ መሬትና ጥቂት በጎች ነው። መሬቷ ገብስ ሰልችቷታል። ጣቢያችን የፖም ችግኝ ማከፋፈል ሲጀምር በክረምቱ መጥተው ወሰዱና ሦስት ረድፍ አድርገው ተከሉ፤ ሁለቱን ረድፍ ከቤቱ ፊት በመንገዱ ዳር፣ አንዱን ከቤቱ ጀርባ በካቡ ጥግ።

«ገብሱ እምቢ አለኝ» አሉኝ ችግኙን እያሸከምኳቸው። «ይኼም እምቢ ካለኝ መሬቱን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ፣ ደብረ ብርሃን የሰው ቤት እንጀራ ልጋግር ነው። በዚህ ዕድሜዬ የሰው በር ልጠብቅ?»

«ኧረ እንዲህ አይሉም እትዬ።»

«አይሉም አትበለኝ። አጽድቅልኝ።»

በጥቅምት ማገዷቸው የነበረውን የበጎቹን በጠጥ ከገብስ ገለባና ከአረም ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከመሩት። በኅዳር ውርጭ ሳያቸው ከምድጃው አጠገብ ባና ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ምድጃው ባዶ ነው። ከተከፈተው በር ጉም ይገባል፣ ይወጣል። በደብዛዛው ብርሃን ቤቱም ሴትዮዋም ከጉም የተሠሩ ይመስሉ ነበር። «እሳቴን ቀብሬዋለሁ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ጓሮ እያመለከቱ። «በፖም ይነሣልኛል።»

መጋቢት ሲገባ የፖሞቹ እንቡጥ መከፈት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከሌላ ወረዳ ጎብኚዎች ፖሙን ሊያዩ እንደሚመጡ ተሰማ። አዲስ የተመደበው የግብርና ባለሙያ መላኩ ከጋሽ ተክሌና ከእኔ ጋር እትዬ ወርቄ ጓሮ ሄደ። መላኩ ቸኳይ እንጂ ክፉ ልጅ አልነበረም።

«ቅጠሉ ገርጥቷል። ትንሽ ዩሪያ ብናደርግለት እስከ ጉብኝቱ ያምርበታል» አለ።

«ያምርበታል?» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ሙሽራ ነው እንዴ የሚኳለው? ኮምፖስቱ ደርሷል፣ እሱን እንጨምራለን።»

«መድረሱን በምን አወቁ?»

ጋሽ ተክሌ ጉድጓዱ ውስጥ ተሰክቶ የከረመውን ረጅም እንጨት መዘዙና ጫፉን በመላኩ ጉንጭ ላይ አደረጉት። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ምን ይላል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«እንጨቱ ሞቆ ከወጣ ገና እየበሰለ ነው፤ ቀዝቅዞ ከወጣ በስሏል። ይኸው ነው ትምህርቱ።»

ትምህርቱ እውነት ነው፤ ቆላ ላይ። እዚያ ጉድጓዱ ይግላል፣ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል። መንዝ ላይ ግን ውርጩ ገብቶ ሥራውን ያስቆመዋል። እንጨቱ ቀዝቅዞ የወጣው ብስባሹ ስለ በሰለ ሳይሆን ስለ ተኛ ነበር። ያን ቀን ይህን ያወቀ ማንም አልነበረም።

እትዬ ወርቄ ሁለቱን ሲያዩ ቆይተው፣ «እናንተ ስትጣሉ ፖሜ ሊያረጅ ነው» አሉ። «ተክሌ፣ አንተ አንዱን የመንገድ ዳር ረድፍ ውሰድ። አንተ ልጄ ሌላውን ውሰድ። የጀርባውን ማንም አይነካብኝም።»

«የጀርባውንስ ለምን ትተዪዋለሽ ወርቄ?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«እንግዳ የሚያየው መንገድ ዳሩን አይደል? ለታይታ የሚሆነውን ሰጠኋችሁ፤ ለእኔ የሚሆነውን ተዉልኝ።»

መላኩ ዩሪያውን በደረቅ አፈር ላይ፣ ከግንዱ ሥር አፈሰሰው። ጋሽ ተክሌ ብስባሹን በግንዱ ዙሪያ ከምረው፣ ውሃ አጠጥተው፣ እንደ ሕፃን አልብሰው ሄዱ።

የዩሪያው ረድፍ ቶሎ ተናገረ። የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ። ጋሽ ተክሌ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ቀጥሎ የመጋቢት ፀሐይ ስትበረታ የእሳቸውም ረድፍ ቢጫ ሆነ፣ አንገቱን ደፋ። እጄን ከግንዱ ሥር ብከተው የተኛው ብስባሽ ነቅቷል፤ ይሞቃል፣ ትኩስ በረት በረት ይሸታል። አንዱን ነቅለን አየነው። ሥሩ ጠቁሯል። ጋሽ ተክሌ የነቀሉትን ችግኝ እንደያዙ ባናቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

እንግዶቹ መጡ፣ ደረቅ እንጨት ጎበኙ፣ በደግ ቃል ተሰናበቱ። ከቤቱ ጀርባ ማንም ያልነካው ረድፍ ለምልሞ ቆሟል። የሚታየው ተቃጥሎ የማይታየው ተረፈ። በዚያ ዘመን ይህ በፖም ላይ ብቻ የሆነ ነገር አልነበረም።

የጀርባው ረድፍም ግን ስስ አፈር ላይ ነው፤ ባዶውን ብዙ አይዘልቅም። እትዬ ወርቄ የቀረውን ብስባሽ ቆፍረው አውጥተው ኩበት ሊያደርጉት ተነሱ።

«እሳቴን ልመልስ» አሉ። «ሰው እንደሆነ አላወቀበትም።»

«ትንሽ ይታገሱ እትዬ።»

«የቱን ልታገስ? በውጭ በድን ነው፣ ውስጡ እሳት። እንዲህ ያለውን ሰው ቤት አስገብተህ ምድጃ ዳር ካላስቀመጥከው ጠባዩ አይታወቅም።»

ይህን ሲሉ አንድ ነገር መጣልኝ። ከተሰበረ ጋን ገል አነሣሁ፣ ብስባሽ ሞላሁበትና ፌጦ ለመንኳቸው።

«ፌጦ ለሆድ ቁርጠት ነው። ጉድጓዱን አመመው እንዴ?»

«ምናልባት። ምድጃ ዳር ሲሞቅ፣ ብስባሹ ካልበሰለ ፌጦው ያሳብቅበታል።»

ሳቁ፤ ሰጡኝም። ዘርተን፣ እርጥብ አድርገን ምድጃቸው ዳር አኖርነው፤ እሳት በሚለመንበት በዚያ ቤት የተገኘው ሙቀት ሁሉ ለገሉ ሆነ። ፌጦው ብቅ አለና ቢጫ ሆኖ ተኛ። ጉድጓዱን ገልብጠን፣ እርጥበቱን ጠብቀን በሣር ሸፈንነው። እንደገና ዘራን፤ እንደገና ተኛ። ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሲጠባ ጠርተውኝ ስሄድ ገሉን በሁለት እጃቸው ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል። ፌጦው አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ አልጋ ልብስ ወፍራም ነበር። ብስባሹ ዝናብ የጠጣ አፈር ይሸታል። በጠጡም ገለባውም ተለይቶ አይታወቅም።

ያን ብስባሽ ለጀርባው ረድፍ ሰጠነው። ዩሪያንም አልጣልነውም፤ ዛፎቹ ከበረቱ በኋላ፣ ዝናብ ባረጠበው አፈር ላይ፣ ከግንዱ ራቅ አድርገን ቁንጥር ቁንጥር ሰጠናቸው። ጋሽ ተክሌ ቁንጥሩን በገዛ ጣታቸው ለኩ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ሌላ አዙረው ነበር።

እትዬ ወርቄ ደብረ ብርሃን አልሄዱም። ከዓመታት በኋላ በአንድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ፖሞቹ አብበው ነበር። ጉሙ ነጭ፣ አበባው ነጭ፤ የቱ ዛፍ የቱ ደመና እንደሆነ አይለይም። ከነጩ ውስጥ የእትዬ ወርቄ ድምፅ፣ «ግባ፣ ሥሩን እንዳትረግጥ» አለኝ። ከጣራው ላይ ደግሞ ቀጭን የኩበት ጭስ ይወጣ ነበር።

ኮምፖስት ወይስ ማዳበሪያ የሚለው ክርክር ለአዳራሽ ጥሩ ነው። ለጋ ችግኝን ሁለቱም ይገድሉታል፤ ያልበሰለውም፣ የበዛውም። ለጋ ችግኝ ከረሃብ ይልቅ የሚሞተው ከችኮላ ነው።

አንተ ይህን የምታነብ፣ የተሰበረ ገል ፈልግና ፌጦ ዝራበት። እስኪለመልም ድረስ እጅህን ከሰው ችግኝ ላይ አንሣ።