እናቴ ሸክላ የሠራችበት ጁምዓ

ባለፈው ሰሞን፣ ጦርነቱ ጋብ ብሎ ወደ ካርቱም ከተመለስኩ በኋላ፣ ሐበሾች ይኖሩበት በነበረው ሰፈራችን ዴም ውስጥ አንድ የፈረሰ ቤት ጥላ ሥር ለመንገደኛ ከተቀመጠ ዚር፣ ከሸክላ ጋን፣ ውሃ ቀዳሁ። የራሰው ሸክላ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ኩባያውን እንደያዝኩ በሐሳብ ወደ ስምንት ዓመቴ፣ አባቴ ወደተወለደባት የወንዝ ዳር መንደር ሄድኩ።

አባቴ ሐፍላ፣ የሕዝብ አውቶቡስ፣ የሚነዳ ሱዳናዊ ሾፌር ነበር፤ እናቴ ደግሞ አል-ማንሺያ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራ ሐበሻ። ሐቦባ፣ የአባቴ እናት፣ በዚህ ጋብቻ አኩርፋ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። በዚያ ጁምዓ ግን አባቴ «ያላ፣ ዛሬ እንታረቃለን» ብሎ ሐፍላው ላይ ጫነን፤ እናቴም አማቷን ደስ ይበላት ብላ የተዋሰችው የሱዳን ቶብ በየጉድጓዱ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ መንገዱን ሙሉ አሳቀን።

መንደሯ የሸክላ ሠሪዎች ነበረች፤ በዓባይ ዳር ለፀሐይ የተሰጡት ዚሮች በልተው እንደጠገቡ ሽማግሌዎች ሆዳቸውን ነፍተው ተደርድረዋል፣ የማቃጠያው ጭስ ከዓሣ ሽታ ጋር ይንሳፈፋል፣ ከበላይ ደግሞ የድሮ ነገሥታት ግንብ ፈራርሶ ተቀምጧል። ሐቦባ ከጭቃዋ ቀና ሳትል ልጇን ብቻ ሰላም አለች። እኔ ደንግጬ ወደ ፍርስራሹ ሮጥኩ፤ እርግቦች በሰፈሩበት መስኮት ተቀምጬ ቁልቁል ሳይ፣ እናቴ ቶቧን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከሐቦባ ጎን ቁጭ አለች፣ ማንም ሳይጋብዛትም አንድ እፍኝ ጭቃ አነሳች። ድምፅ አይሰማኝም፤ እጆቿ ብቻ፣ እንደ ሕልም በዝግታ፣ ከጭቃው የእንስራ አንገት ሲያወጡ ይታየኛል።

ስወርድ ሐቦባ እንስራውን እያገላበጠች ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ፣ ያ ሐጃ። እሷንም እናቷ» አለች እናቴ፣ አማቷን በአክብሮት እየጠራች።

«ወላሂ! የባለሙያ ልጅ መሆንሽን ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?» አለችና በጭቃ እጇ የእናቴን ጉንጭ ያዘች። እናቴ አለቀሰች።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ እናቴ ከጥፍሯ ሥር ጭቃውን እየፈቀፈቀች «ይህንን ዴም ውስጥ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አገር ቤት ሸክላ ሠሪን ቡዳ ይሉታል። ቤታቸው አያስገቡንም።»

አልተናገርኩም። ከዓመታት በኋላ እናቴ ስትሞት፣ ለቅሶዋ ላይ የዴም ሴቶች «ዘሯ የጠራ፣ የጨዋ ልጅ» እያሉ ሲያነሷት እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ዛሬ እነዚያን ሴቶች ጦርነቱ በትኗቸዋል፤ በመንገዱ መሀል ቆሜ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» ብዬ ብጮህ፣ ሰምቶ የሚያፍርብኝ ሰው እንኳ አልቀረልኝም።