ዳርቱ አግዳሚዎቿን አታነሳም

የዳርቱ ፈዬራን ኳስ ቤት ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት ሲግናል ሰፈር ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጩኸቱን መከተል ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያና የችፑድ ግድግዳ አለው። ፊት ለፊት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅለዋል፤ መቀመጫው ከባህር ዛፍ ጣውላ የተመታ አግዳሚ ነው። በቀኝ አርሴናል፣ በግራ ማንቼ ይቀመጣል። ተሳስቶ የተቀመጠ ይነሳል፤ ራሱ ካልተነሳ ያስነሱታል።

ዲሹን የሰቀልኩት እኔ ስለሆንኩ ቤቱን ከነሽቦው አውቀዋለሁ። ባለቤቷንም እንደዚያው። አባቷ ከየካ ተራራ ሥር ገብስ ያርሱ ነበር። መሬቱ ለቤት ግንባታ ሲወሰድ፣ ዳርቱና ታናሽ ወንድሟ ኦልያድ በካሳው ይህን ቤት በጋራ ከፈቱ። ያኔ "ደግሞ ሴት ልጅ ምን ልትሆን ነው ኳስ ቤት?" ያላት ብዙ ነው። "ተጫውቼ አላሳያችሁ፤ በሩን ነው የምይዘው" ትል ነበር። በሩን ደግሞ ትይዘዋለች። ጠጥቶ የመጣ አይገባም። ውጤቱን በስልኩ ቀድሞ አይቶ የሚያወራ ይወጣል፣ የከፈለውም አይመለስለትም። መብራት ሲጠፋ የጀነሬተሩን ገመድ የምትስበው ራሷ ናት፤ አንድ ሁለቴ ስባ ካስነሳችው በኋላ እጇን በጉርዷ ጠርጋ ወደ በሩ ትመለሳለች።

ኦልያድ ግን አዲስ ዕቃ ሲያይ የሚያንገበግበው ሰው ነው። አምና ወንደሰን የሚባል የአንድ አስመጪ ድርጅት ሻጭ ይዞባት መጣ። ወንደሰን ከቦርሳው ፊትን ግማሽ የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አወጣ። ዓይን ላይ ሲደረግ ስታዲየም ውስጥ የተቀመጡ ያህል ኳስ ያሳያል ተባለ።

"ወይዘሮ ዳርቱ፣ ይሄ በመላው ዓለም በአንድ ቀን ነው ገበያ ላይ የሚውለው። ቶኪዮ፣ ኒውዮርክ፣ አዲስ አበባ፣ እኩል!"

"ሲበላሽስ? ጠጋኙም እኩል ነው የሚመጣው?"

"አይበላሽም እኮ።"

"ካልተበላሸ ካርቶኑ ላይ ዋስትና ብላችሁ ምን አስጻፋችሁ?"

"እሱ ለደንቡ ነው፤ ምናልባት እክል ከገጠመው ዱባይ ይላካል" አለ ወንደሰን።

"እኔ ቅዳሜ ነው ሥራዬ፣ የኔ ወንድም። ዱባይ ደርሶ እስኪመጣ ሰዉን ምን ላሳየው ነው?"

የኦልያድ ሐሳብ አግዳሚዎቹን አውጥቶ፣ ሁለቱንም ቴሌቪዥን ሸጦ፣ በቦታው ጥቂት የሚሽከረከሩ ወንበሮችና መነጽሮች ማስገባት ነበር። የሀብታም ሰፈሩ የሲኤምሲ ልጆች በመኪና ይመጣሉ፣ በጫማው ጭቃ ይዞ የሚገባው ይቀራል አለ። ዳርቱ እምቢ አለች። እሱም የልቡን አወጣው።

"ግማሹ የኔ ነው። ካልሆነ እንካፈል፣ ቤቱም ይዘጋ።"

ቤቱ ከተዘጋ ዳርቱ ሌላ ሙያ የላትም። እርሻው እንደሆነ የለም።

"ቅዳሜ አምጡትና እዚሁ ሰው ፊት ይሞከር። ከበለጠ፣ አግዳሚዎቹን ራሴ ተሸክሜ አወጣለሁ" አለች።

ቅዳሜ አርሴናልና ማንቼ ነበሩ። ቤቱ ሞልቶ በመስኮት የሚያይ አለ። ኦልያድ መነጽሩን አድርጎ ከፊት ለብቻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንደሰን በስልኩ ኢንተርኔት አገናኘለት።

"ኧረ ጉድ ነው! ሳሩ ራሱ ይቆጠራል!" አለ ኦልያድ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ። አንዳንዱ ቀናበት። እኔም ቀናሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ አርሴናል አገባ። ቀኙ ወገን ባንድ ጊዜ ብድግ አለ። የታክሲ ሹፌሩ ጋሽ ከበበ ኮፍያቸውን ወርውረው የማያውቁትን ሰው ሳሙ። ግራው ስድቡን ጠጣ፣ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፣ ኳሷም መሐል ሜዳ ላይ ተተከለች። ይሄኔ ኦልያድ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ብቻውን ጮኸ።

"ጎ...ል!"

ቀጥሎ የወጣው ሳቅ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።

"ኦልዬ፣ የአምናውን ነው እንዴ የምታየው?" አሉ ጋሽ ከበበ።

ከዚያ በኋላማ ባሰ። እኛ "አይ፣ ሳታት!" ስንል ለኦልያድ ኳሷ ገና መስመር ላይ ናት። "ዝም በሉ! አትንገሩኝ!" እያለ ለሞላ ቤት ይጮሃል። ከግራ በኩል አንዱ፣ "እስክትደርስብን እኛ ውጭ ቆመን እንጠብቅህ?" አለው።

ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር፤ የዲሹ ምስል ቶሎ ይደርሳል፣ በኢንተርኔት የሚመጣው ይዘገያል። ወንደሰንም ያውቃል። ላቡን እየጠረገ ወደ ዳርቱ ተጠጋ።

"ችግሩ የኔትወርኩ ነው፣ የዕቃው አይደለም።"

"እኔ የምኖረው ከነኔትወርኩ ነው" አለችው። "ዕቃህን ኔትወርክ ያለበት አገር ወስደህ ሽጥ።"

"ዓለም እኮ ወደፊት እየሄደ ነው፣ ወይዘሮ ዳርቱ።"

"ይሂድ፣ ማን ያዘው? ሂሳብ ግን እኔን አይጠይቀኝ።"

ነገሩ እዚያ ላይ አላለቀም። ኦልያድ በሳቁ ተቀይሟል። ሰው ከወጣ በኋላ መነጽሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "አስበሽ ነው ሰው ያሳቅሽብኝ" አላት።

"አላሳቅኩብህም። የሳቀው ሰዉ ነው፣ ያሳቀብህም ዕቃው።"

"ይስተካከላል። እኔ ሲኤምሲ እከፍተዋለሁ፤ ድርሻዬን ስጪኝ።"

እንድትለምነው የጠበቀ ይመስለኛል። ዳርቱ ግን ወደኔ ዞረች።

"ለድርሻው ትልቁን ቴሌቪዥን አውርድለት።"

"ዳርቱ፣ ቤቱን የሚያቆመው እኮ እሱ ነው" አልኳት።

"አውርደው አልኩህ። ለኔ ድርሻ አግዳሚው፣ ጀነሬተሩና ትንሹ ይበቃኛል። ወንድሜ ነው፣ ባዶ እጁን አይሄድም። ለዚያ መነጽር ብዬ ግን አንድ ጣውላ አልነቅልም።"

ብሎኑን ፈታሁ። ኦልያድ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩን የያዘችለት እሷ ናት። "ጥግ ጥጉን ያዘው፣ ይሰበርብሃል" አለችው። ቀና ብሎ ሳያያት ሄደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዉ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ማጉረምረም ጀመረ። ትልቁ የነበረበት ቦታ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጡት የማልያ ቁጥር እንኳ አይታየንም አሉ። ሁለት ሰው ተነስቶ ወጣ። ጋሽ ከበበም ከአግዳሚው ብድግ አሉ።

"ዳርትዬ፣ እንዲህ ከሆነ እኛም ሌላ ቤት እንፈልግ እንዴ?"

ዳርቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ መሐል ገባች። የፊተኛውን አግዳሚ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎተተችው፣ ቀጥላ ሁለተኛውን።

"የሚወጣ አሁን ይውጣ፣ ገንዘቡን እመልሳለሁ" አለች። "የሚቀር ጠጋ ይበል፤ ተጀምሯል።"

ጋሽ ከበበ በሩን አዩ፣ እሷን አዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው የሦስተኛውን አግዳሚ ጫፍ ያዙላት።