ከድምፄ በኋላ የሚጮኸው

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በታኅሣሥ ወር ነው፤ ሱዳን ውስጥ፣ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዶካ በምትባል የገበያ ከተማ። ሳላስፈቅድ የሰው ዕቃ የነካሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አንድ አሮጌ ካሴት። ባየሁት ቁጥር ደስታውም ጸጸቱም አብረው ይመጡብኛል። ለሰው ባወራው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

የጭልጋ ልጅ ነኝ። ወደ ሱዳን የተሻገርሁት እንደ ጓደኞቼ የማሽላ አጨዳ ሠርቼ ልመለስ ነበር። ባሱንዳ እርሻ ላይ እያለን ወባ ጣለኝ። ጓደኞቼ ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ ሥራው ሲያልቅ ሄዱ። አልፈርድባቸውም። እኔ ቀና ስል ሞባይሌ ለመድኃኒት ተሽጧል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ በዚህም በዚያም ጠፍቷል። ዶካ ገብቼ የአንድ የእህል መጋዘን ኸፊር ሆንሁ። ኸፊር ማለት ጠባቂ ነው። ቀንም ከጆንያ ጋር፣ ማታም ከጆንያ ጋር። ጆንያ ደግሞ እንደምን አደርክ ቢሉት አይመልስም።

እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሜን በደንብ አስተካክለው የሚጠሩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የመጋዘኑ ጎረቤት ኡስታዝ ኢድሪስ።

ኡስታዝ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ሸሽተው ወደ ሟች አባታቸው ቤት መጡ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል። ያሲር የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ከካርቱም በወጡበት ቀን ያሲር «ከቤት የረሳሁትን አምጥቼ እደርስብዎታለሁ» ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

ኡስታዝ የእርሻ ላይ አረብኛዬን እንደ ተማሪ እያረሙ አስተማሩኝ። ወደ ገዳሪፍ ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለኔ ይሰጡኛል፣ ዶሮዎቻቸውን እመግባለሁ። ከካርቱም ያወጡት ሁለት ቦርሳ ነበር፤ በአንዱ ልብስ፣ በሌላው አንዲት ጥቁር ኮምፒውተር። ኮምፒውተር ስል አንባቢ የሚያውቀውን እንዳያስብ። ከደብተር አትበልጥም። ቁልፎቿ ላጲስ ይመስላሉ። የራሷ መስታወት የላትም፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር በሽቦ ትገናኛለች። የምትሠራውን ሥራ የምትቀበለው ደግሞ ከተራ የዘፈን ካሴት ነው።

ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ ሶላሩን ከቴሌቪዥኑ አያይዘው ይጠሩኝ ነበር። ካሴቱን በአሮጌ ቴፕ ውስጥ ይከቱና ቴፑን ከኮምፒውተሯ ጋር በሽቦ ያገናኙታል። ሽቦው ሲሰካ ቴፑ ድምፅ የለውም፤ ካሴቱ ዝም ብሎ ይዞራል። አምስት ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሎሪ ከወዲያ ጫፍ ትነሳና እየተንገዳገደች ወደዚህ ጫፍ ትመጣለች። ስትቆም ከበላይዋ ጽሑፍ ይወጣል። ያሲር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ራሱ የሠራው ነው። ኡስታዝ ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡልኛል። «አባባ፣ ደረስኩ» ይላል።

ሁልጊዜ እኩል ነው የምንጠብቀው፣ ሁልጊዜም ይደርሳል።

ኮምፒውተሯን ስለፈጠረው ሰው ማውራት ይወዳሉ። እንግሊዛዊ ነው። ያኔ ኮምፒውተር የመንግሥትና የሀብታም ነበር። ሰውየው ግን በደመወዝ የሚኖር ሰው ቤቱ ሊያስገባት ይገባል ብሎ የሚቀነሰውን ሁሉ ቀነሰላት። መስታወቱን ቀነሰ፣ ጥሩ ጥሩውን ቁልፍ ቀነሰ፣ ሥራዋንም ማንም ቤት በሚገኝ ካሴት ላይ አስቀመጠው። ኡስታዝ በወጣትነታቸው ጅዳ ሲያስተምሩ ገዝተው ለልጃቸው ይዘውለት መጡ። ሰውየው ከጥቂት ዓመት በፊት መሞቱን በራዲዮ ሰምተው፣ «የማላውቀው ሰው ሞቶ ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው» አሉኝ። እኔ እውነቱን ለመናገር ስለ ሟቹ ብዙም አልገባኝም ነበር። ሎሪዋን ግን እወዳታለሁ።

እንግዲህ ያ ታኅሣሥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የአገሬ ልጅ ፈንታሁን ወደ ገላባት ከሚያልፍ ሎሪ ላይ ወረደ። አየኝና አማተበ።

«በስመ አብ! አያ ይርጋ፣ አለኸ?»

«ምነው፣ ምን ልሆን?»

«ተለቅሶልሃል እኮ! ለጥር ማርያም ተዝካርህ ሊወጣ ነው!»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። በሕይወት እያለሁ ቄስ ሊጠራ፣ ጠላ ሊጠመቅልኝ ነው። እናቴ ጥቁር ለብሳለች።

«በል እንዳለሁ ንገራት» አልሁት።

ፈንታሁን አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከእሱ በፊት ሁለት ሰዎች እናቴን ለማጽናናት ብለው «ፋው ከተማ ላይ አየነው፣ ደኅና ነው» ብለዋት ነበር። ሁለቱም ውሸት መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ስለኔ የሚያወራ ሰው ሲመጣ «ድምፁን ካላሰማችሁኝ ስሙን አታንሱብኝ» ትላለች አሉ። ፈንታሁን ሄዶ ቢነግራት ሦስተኛው ውሸታም መሆኑ ነው። በሞባይል እንዳንቀርጽ የፈንታሁን መንገድ ላይ ተቀምቷል፤ ሌላ ቢያገኝም ይቀሙታል። እቤታችን ግን አባቴ በጉብዝናው ከሱዳን ያመጣው ቴፕ አለ፣ እስካሁን ይሠራል።

«ካሴት እንደሁ የሚቀማኝ የለም» አለ ፈንታሁን። «ሎሪው እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ቶሎ በል።»

አብሬው ልሂድ እንዳልል መንገዱ ያስፈራኛል፣ መጋዘኑንስ ለማን ጥዬ። ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። ካሴት ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ። ኡስታዝ ደግሞ ስለ ልጃቸው ሊጠይቁ ገዳሪፍ ናቸው። ቁልፋቸው ኪሴ ውስጥ ነው። በኋላ አስፈቅዳለሁ ብዬ ከፍቼ ገባሁ።

ካሴቶቹ በካርቶን ውስጥ ናቸው፣ መልካቸው ሁሉ አንድ። የላያቸው ጽሑፍ አረብኛ ስለሆነ ማንበብ አልችልም። አንድ በአንድ እየከተትሁ አዳመጥሁ። የመጀመሪያው ቁርዓን ነው፤ በአክብሮት መለስሁት። ሁለተኛው ሴት ትዘፍንበታለች፤ ምናልባት ባለቤታቸው ይወዱት ይሆናል ብዬ ተውሁት። ሦስተኛው ላይ ቤተሰብ ይስቃል። አራተኛው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ብቻ ነው፤ ሲጢጥ፣ ሲንጫጫ፣ ያለ ማቋረጥ። ሙቀትና አቧራ አበላሽቶታል አልሁ። ይህን ብወስድ ማንም አይጎዳም ብዬ፣ እንዲያውም በጥንቃቄዬ ኮራሁ። ገልብጬ ባየው ኖሮ ሌላው ገጽ ባዶ ነበር። አልገለበጥሁትም።

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስሁና መቅረጫውን ተጫንሁ። እናቴ ጆሮዋ ስለሚከብዳት እየጮህሁ ነው የተናገርሁት። «እማ፣ ይርጋ ነኝ! አልሞትሁም!» አልሁ። ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ተመሳስሎብኝ ነው እንዳትል፣ ቡሬ ላማችን ጭኔን የወጋችኝ ቀን ለአባቴ እንዳትነግሪ ብዬ ያስማልኋትን ነገርኋት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ሌላም ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን እንባ ቀደመኝና ቴፑን ዘጋሁት። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ፈንታሁን ካሴቱን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

በማግስቱ ዓርብ ኡስታዝ ከገዳሪፍ መጡ። ስለ ያሲር የሰማ ሰው አላገኙም። ፊታቸው ጠቁሯል። ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ቴሌቪዥኑን ከሶላሩ አገናኙና ካርቶኑን ሳቡ። አንድ ካሴት ያነሳሉ፣ ጽሑፉን ያያሉ፣ ያስቀምጣሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስለ ካሴቱ ልናገር አፌን ልከፍት ስል ነው «ያሲር የለም» ያሉት።

«ኡስታዝ፣ የያሲር ካሴት ድምፅ አለው?» አልኋቸው።

«ለማሽኗ ነው እንጂ ለሰው ጆሮ ጩኸት ነው» አሉ።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ተዝካሩን፣ ሎሪውን፣ የተበላሸ መስሎኝ እንደነበር። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ። ልጃቸው እንደገና የጠፋው በኔ እጅ ነው። ይቆጡኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቁልፌን መልስልኝ» አሉኝ። መለስሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የከፋ ብቸኝነት ነበር። በሕመም ላይ ሆኜ እንኳን እንዲያ አልሆንሁም። ዶሮዎቻቸው ሲያስካኩ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ፣ እሳቸው ሲያስሉ እሰማለሁ። በበሩ ሲያልፉ እነሳለሁ፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ግን ስሜን አይጠሩም። ዓርብ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም። እናቴ ድምፄን ትስማ አትስማ አላውቅም። ጥር ማርያም ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ፣ ይህን ጊዜ በስሜ እየተበላ ይሆን አልሁ።

በመጋቢት አንድ የሎሪ ሾፌር በነጠላ ቁራጭ የተሰፋ ነገር ጣለልኝ። ስፌቱን ስፈታ ያው ካሴት ነው። ከቤት መልሰውልኛል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቴፕ የለኝም። በዶካ ቴፕ ያለው የማውቀው ቤት አንድ ብቻ ነው። ግማሽ ቀን በአጥሩ ሥር ተመላልሼ በመጨረሻ አንኳኳሁ።

ኡስታዝ ከፈቱ። ካሴቱን በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። የልጃቸውን የእጅ ጽሑፍ አዩት። ገብተው ቴፑን አምጥተው መሃላችን አስቀመጡት።

የቤተሰቦቼ ድምፅ ያለው በባዶው ገጽ ላይ ነው። የኔን ማጥፋት አልፈለጉም። እናቴ «ይርጌ፣ የኔ ልጅ፣ አለኸ?» ስትል ፊቴን በሻሼ ሸፈንሁ። ጥቁሩን እንዳወለቀች፣ ለተዝካሬ የተጠመቀውን ጠላ ጎረቤቱ እየጨፈረ እንደጠጣው፣ ቡሬ እንደወለደች ነገረችኝ።

«ምን አለች?» አሉ ኡስታዝ። እየተከተልሁ በአረብኛ ነገርኋቸው።

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ይርጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅኸ። ያንተ ድምፅ ካለቀ ወዲያ የሚጮኸው ማን ነው? ቃሉ አልገባኝም፣ ያገራችንም አይደል። አብሮኸ የተቸገረ ልጅ ነው መሰለኝ። ሲጮህ ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም፣ ለሱም አለቀስሁ። እናት አባት ካለው፣ ድምፁን ይላክላቸው በለው። በቁሙ እንዳይቀብሩት።»

ይህን መተርጎም አቃተኝ። ኡስታዝ ጠበቁኝ። በመጨረሻ እንዳለችው ነገርኋቸው፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ።

ከዚያ ራሳቸው ካሴቱን ገልብጠው ከተቱት። ሽቦ አልሰኩም። ጩኸቴ ቤቱን ሞላው፤ «እማ፣ ይርጋ ነኝ!»

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አሉኝ። ጥቂት ፈገግ አሉ።

«ጆሮዋ ይከብዳታል፣ ኡስታዝ።»

ድምፄ ተቆረጠና ያ ሲጢጥ የሚል ነገር ቀጠለ። ኡስታዝ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ካለቀ በኋላ፣ «የተረፈው የኋለኛው ነው» አሉ። «የሚደርስበት። መጀመሪያው ስለጠፋ ማሽኗ አትቀበለውም። እኔ ግን እቀበለዋለሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። «ያ እንግሊዛዊ የማሽኗን ሥራ በውድ ዕቃ ላይ የሚቀመጥ አድርጎት ቢሆን አንተ አታጠፋውም ነበር» አሉ። «ግን እናትህም አትሰማውም ነበር። ደግሞ ውድ ቢሆን ልጄ መቼ ይነካው ነበር?» ሲሸኙኝ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ። «ነገ ዶሮዎቹን አትርሳ፣ ይርጋ» አሉኝ።

አሁንም ዶካ ነኝ። ልሄድ ተነስቼ ነበር፤ አንድም መንገዱን ፈርቼ፣ አንድም ኡስታዝን ብቻቸውን ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ካሴቱን እኔ ዘንድ አስቀምጠውታል፣ ዓርብ ዓርብ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ቴሌቪዥን አንከፍትም። ሽቦ አንሰካም። ተቀምጠን እንሰማለን። ያሲር እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ጸጸቱ አለቀቀኝም፣ የሚለቀኝም አይመስለኝም፤ ግን ያ ጩኸት ለኔም ጩኸት መሆኑ ቀርቷል።

ኔትወርክ አንዳንድ ቀን ይመጣል። ስልክ ተውሼ ለእናቴ እደውላለሁ። የሰማችው ማሽን ነው ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ጤናዬን እንኳን በወጉ ሳትጠይቅ የምታስቀድመው አንድ ነገር ነው።

«ያ ልጅ ለወላጆቹ ድምፁን ላከ ወይ?» ትለኛለች።

«ገና ነው፣ እማ» እላታለሁ።